ስለ ዶክተር አውኔ ሂርቪካንጋስ ዕረፍትና በኩሉንካንጋስ ቆመው ስለቀሩት አራት ጥዶች

ከሁርስካያርቪ የጥድ ዘር ጠባቂዎችና ናሙና ለኪዎች ማኅበር ለአባላት፣ ለሥራ ባልደረቦችና ለከተማው ሕዝብ የወጣ የሐዘን መግለጫ
ሁርስካያርቪ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2025

ማኅበራችን መሥራቹንና ለብዙ ዓመታት ሰብሳቢው የነበሩትን ዶክተር አውኔ ሂርቪካንጋስን ማክሰኞ ኤፕሪል 8 ቀን በሞት ተነጥቋል። ዶክተር አውኔ ያረፉት ከብርዱ ወራት መግቢያ ጀምሮ ሲያሠቃያቸው በቆየው የቆሽት ሕመም፣ በከተማችን ጤና ጣቢያ፣ ባለቤታቸው አቶ ታኔሊ አጠገባቸው ተቀምጠው ሳሉ ነው። ማኅበሩ የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል። የተሰማውንም ንዴት ይገልጻል። ሁለቱን ለያይተን ለመጻፍ ሞክረን ነበር፤ አልሆነልንም።

መግለጫችን ዘግይቷል። የዘገየውም የሚጻፍ ጠፍቶ አይደለም፤ እንጨት እስኪደርቅ ስንጠብቅ ነው። ምን ዓይነት እንጨት እንደሆነ ከዚህ በታች ይነገራል። ካልታማ የእንጨት ኩባንያ ግን ቀድሞን በሞታቸው ማግስት የራሱን የሐዘን መግለጫ አወጣ። በዚያ መግለጫ ዶክተር አውኔ «ውድ የሥራ አጋራችን» ተብለዋል፤ «በራችን ለእርሳቸውና ለባልደረቦቻቸው ዘወትር ክፍት ነበር» ተብሏል። ያነበበ ሰው ኩባንያውና እርሳቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው የኖሩ ይመስለዋል። ዓይን ያወጣ ነገር ነው። ሆድ ይፍጀው ብለን ልናልፈው አንችልም፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከተለመደው የሐዘን መግለጫ ይረዝማል፣ ከተለመደውም ይከፋል።

ዶክተር አውኔ በ1957 ከዚህ በስተሰሜን ባለች አነስተኛ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ግንድ በወንዝ እያንሳፈፉ ወደ ታች የሚያወርዱ ሠራተኛ ነበሩ። የደን ትምህርታቸውን በ1981 ጨርሰው በዚያው ዓመት በሁርስካያርቪ የዛፍ ዘር ማሻሻያ ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ከዚያም ወዲህ ከዚህች ከተማ ወጥተው አልኖሩም።

የጣቢያው ሥራ ለማያውቁት በአጭሩ ይህ ነበር። ከሰሜን ጫካዎች ጠንካራና ቀጥ ያሉ ጥዶች ይመረጣሉ፤ እነዚህ እናት ዛፎች ይባላሉ፤ ቁጥርም ይሰጣቸዋል። ዘራቸው ተለቅሞ ልጆቻቸው በአንድ ሜዳ ላይ ይተከላሉ፤ ከዚያ በኋላ የየትኛዋ እናት ልጆች የተሻሉ እንደሆኑ እያነጻጸሩ መጠበቅ ነው። ኩሉንካንጋስ የሚባለው የሙከራ ጫካ በ1974 የተተከለው ለዚሁ ነው። የተከሉት ሰዎች የአንዲትን እናት ልጆች አንድ ቦታ አልሰበሰቡም፤ ከዚህም ከዚያም፣ ከመንገዱ ዳር እስከ ረግረጉ ዳር በትነው ተከሏቸው። አንድ ጥግ ውርጭ ቢመታው ወይም ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን ቢበላው ቤተሰቡ በሙሉ እንዳይጠፋ ብለው ነው። ኩባንያ ጥርስ እንዳለው ግን አላሰቡም።

አውኔ ሲቀጠሩ የኩሉንካንጋስ ጥዶች ወገባቸው ድረስ ብቻ ነበሩ። አርባ አራት ዓመት አብረው አደጉ።

በ1980ዎቹ የአንድን ጥድ ቃጫ ርዝመትና ውፍረት ለማወቅ ዛፉ ይቆረጥ ነበር። እንጨቱ ተሰንጥቆ ቃጫው እስኪለያይ በአሲድ ይቀቀላል፤ ከዚያ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ይለካል። ረጅም ቃጫ ጠንካራ ወረቀትና ጠንካራ ካርቶን ይሰጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ምርጡ ዛፍ የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ ዛፉ የለም። ወጣቷ አውኔ በጣቢያው የመጀመሪያ ንግግራቸው ላይ ተነሥተው የተናገሩትን ዛሬም በሕይወት ያሉ ሁለት አባሎቻችን ያስታውሱታል፦ «ልጁ ጎበዝ መሆኑን ለማወቅ ልጁን የሚገድል ምን ዓይነት ፈተና ነው?» አዳራሹ ስቋል። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

በ1994 የመጀመሪያው የብርሃን መለኪያ ወደ ጣቢያው ገባ፤ የማቀዝቀዣ ያህል ግዙፍ ነበር። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ኢንፍራሬድ የሚባለው ነው። እንጨት ላይ ሲበራ ከፊሉ ይዋጣል፣ ከፊሉ ይመለሳል፤ የተመለሰውም እንጨቱ ከምን እንደተሠራ ፍንጭ ይሰጣል። ለዚህ ከቆመው ዛፍ በጠባብ መሰርሰሪያ የሚወጣ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ ናሙና ይበቃል። ዛፉ ቁስሉን በሙጫ ደፍኖ መኖሩን ይቀጥላል። አውኔ ለዓመታት እያንዳንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ ለኩ፤ መጀመሪያ በብርሃን፣ ከዚያ በድሮው መንገድ በአሲድና በመነጽር። ሁለቱን አስተያይተው ብርሃኑን ወደ ቃጫ ርዝመት የሚቀይር ስሌት ሠሩ። በ1999 በዚሁ ሥራ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በ2008 ስሌቱን ጨርሰው ለፈለገው ሁሉ በነጻ ሰጡት፤ ጎረቤቶቻችን ስዊድናውያንም ወሰዱት።

ማኅበራችንን ያቋቋሙት በ2003 ነው። እስከ 2023 ድረስ መሩት። ስብሰባን ለመዝጋት ሲፈልጉ ባርኔጣቸውን ያጠልቁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚናገር ሰው ለበሩ ነው የሚናገረው።

ስሌቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ አንድ ብቻ። ናሙናው ደረቅና የቤት ሙቀት ያለው መሆን አለበት። ምክንያቱም ውሃ ይህን ብርሃን ይጠጣዋል፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ደግሞ አጠጣጡ ይለወጣል። የአውኔ ስሌት በረዶን አያውቅም፤ በረዶ ያለበት እንጨት ቢቀርብለት የሚመልሰው ቁጥር ቁጥር ይመስላል እንጂ ምንም አይደለም። ጣቢያው የማድረቂያ ምድጃ እስኪያገኝ ድረስ አውኔ ናሙናዎቹን የሚያደርቁት በራሳቸው ሳውና፣ በጋለ ድንጋይ በሚሞቀው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ነበር። ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ከታጠበ በኋላ፣ እሁድ ጠዋት ድንጋዩ ለብ ሲል፣ ናሙናዎቹ ላይኛው አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ። ምድጃው ከተገዛም በኋላ አልተዉትም። በእጃቸው የሠለጠነ ሁሉ ያንን አግዳሚ ያውቀዋል፤ «እንጨቱ ከኔ በተሻለ ቦታ ነው የሚተኛው» እያሉ አቶ ታኔሊ ሲያጉረመርሙም ሰምቷል።

በእጃቸው ከሠለጠኑት አንዱ በ2011 በጋ እዚህ የሠራው ኢልፖ ሪቶላ ነው። ዛሬ የካልታማ የልማት ኃላፊ ነው።

በ2016፣ የኩሉንካንጋስ ጥዶች ቃጫቸው ጎልምሶ ለመለካት ገና ሲደርሱ፣ መንግሥት ጣቢያውን ዘጋ። መሬቱን ኩሉንካንጋስን ጨምሮ ካልታማ ገዛው። ሲገዛም የሙከራ ጫካውን ለጥናት እንደሚያቆየው በዚህችው ከተማ አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቃል ገባ። ዶክተር አውኔ በ2019 ጡረታ ወጡ፤ ማለትም ደመወዝ ቆመ፣ ሥራው ቀጠለ።

አሁን ወደሚያናድደው እንገባለን።

በፌብሩዋሪ 2024 የካልታማ ሰዎች አዲስ፣ እንደ ፀጉር ማድረቂያ በእጅ የሚያዝ የብርሃን መለኪያ ይዘው ወደ ኩሉንካንጋስ ሄዱ። በእኛ አገር የጫካ ሥራ የብርድ ወራት ሥራ ነው፤ ረግረጉ የሚጠነክረው፣ መንገዱ ከባድ ማሽን የሚሸከመው ያኔ ነው። ስለዚህ መቁረጡም መቁጠሩም በአብዛኛው በረዶ ላይ ይሠራል። በዚያ ሳምንት ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ነበር። ናሙናውን ከዛፉ አወጡ፣ እዚያው ቆመው መለኪያውን ደገኑበት፣ ቁጥሩን መዘገቡ። የተጠቀሙት የአውኔን ስሌት ነው። ናሙናዎቹን በሳጥን አድርገው ወደ ቀዝቃዛ መጋዘን ጣሉ። ይህን ስሕተት ሊሠራ የሚችለው በበረዶ መሥራት ከመልመዱ የተነሣ በረዶን በረዶ ብሎ ማየት የተወ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ሁላችንም ነን፤ ለዚህ ነው ሕጉ ያስፈለገው።

መለኪያው የኩሉንካንጋስ ጥዶች ቃጫቸው አጭርና ስስ ነው አለ። ካልታማ በመከር ውሳኔውን አሳወቀ፦ ጫካው ለወረቀት የማይሆን ስለሆነ ተቆርጦ፣ ተፈቅፍቆ ለማገዶ ይሸጣል፤ ቦታው ላይ አዲስ ችግኝ ይተከላል።

ዶክተር አውኔ በኖቬምበር ወደ ኩባንያው የስብሰባ ክፍል ሄዱ። ከማኅበራችን የአሁኗ ሰብሳቢ ኪርስቲ ማልያሳሎ አብራቸው ነበረች። በሐዘን መግለጫ ውስጥ የሰው ንግግር ማስገባት ያልተለመደ መሆኑን እናውቃለን። ካልታማ ግን «ጥልቅና ፍሬያማ ውይይት አድርገናል» ብሎ ስለጻፈ፣ ፍሬያማው ውይይት ይኸውላችሁ።

«ኢልፖ፣ በረዶ ነው የለካኸው» አሉት።

«አውኔ፣ ማሽኑ አዲስ ነው። ያንቺ ጊዜ ማቀዝቀዣ አይደለም።»

«ማሽኑ አዲስ ነው። በረዶው ግን ያው የድሮው ነው። ያ ስሌት ደግሞ የኔ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ በረዶ አይችልም።»

«የሙቀት ማስተካከያ አለው እኮ።»

«ለራሱ ነው ያለው፣ እንዳይበርደው። ለእንጨቱ አይደለም። ምን ሆነሃል? አንተ ራስህ በዚህ እጅህ በኔ ሳውና ውስጥ ናሙና አድርቀህ የለም? ታኔሊ ቋሊማ ሲጠብስልህ፣ ናሙናው ላይ ስብ እንዳታንጠባጥብ ስጮህብህ?»

ከኢልፖ አጠገብ የተቀመጠው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ነው የመለሰው። «ኩባንያው በሳውና ውስጥ ላቦራቶሪ የለውም» ብሎ ሳቀ።

«ይኸው ነው እኮ ችግራችሁ» አሉ አውኔ። ከዚያ ወደ ኢልፖ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳጥኑን ስጠኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ላድርቀውና እንለካው። ቃጫው አጭር ከሆነ መጋዙን እኔ ራሴ አቀብልሃለሁ።»

«ቦርዱ ወስኗል፣ አውኔ።»

«ቦርዱ እንጨት አይደለም። ቦርዱን አላደርቅም።»

ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ ወጡ። ከዚያም ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ደግመው ጠየቁ፤ ካልታማ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በጃንዋሪ ሕመማቸው ታወቀ። ሁልጊዜ ክፍት የነበረው በር ይህ ነው።

መቁረጫ ማሽኖቹ በማርች መጀመሪያ ወደ ኩሉንካንጋስ ገቡ። ከመንገዱ ዳር ጀምረው ወደ ረግረጉ ገፉ። ለምን ከመንገዱ ዳር? ቅርብ ስለሆነ። ሌላ ምክንያት አልነበረም። ዶክተር አውኔ በሞቱ በሳምንቱ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ መንገዱ ስለላላ ማሽኖቹ ወጡ። ግማሹ ጫካ ቆሟል። ግማሹ የለም።

የካልታማ የሐዘን መግለጫ በወጣ ቀን ኪርስቲ ማልያሳሎ ስልክ አነሣች። በሩ ክፍት ነው ብላችኋልና ሳጥኑን ልንወስድ እየመጣን ነው አለች። ሳጥኑን በእጁ አውጥቶ የሰጣት ኢልፖ ሪቶላ ነው። ቀና ብሎ አላያትም። «ውሰዱት፤ ምንም አይለውጥም» አላት።

ናሙናዎቹን የት እንደምናደርቅ ስንመካከር አቶ ታኔሊ ደወሉልን። «ሳውናው ሞቋል፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉን። ሚስታቸው ገና አልተቀበሩም ነበር። ላይኛውን አግዳሚ በራሳቸው እጅ አጥበው አዘጋጅተውልናል። ናሙናዎቹ እዚያ ደረቁ፤ ከዚያ እርጥበታቸው ከክፍሉ አየር ጋር እስኪስተካከል በልብስ መቀየሪያው ክፍል ቆዩ። ስንጠብቅ የነበረው ይህንን ነው። አንዳንድ አባላት መግለጫው ይውጣ፣ ሰው ምን ይለናል ብለውን ነበር። እርጥብ ናሙና ይዘን ስለ አውኔ ብንናገር ኖሮ እርሳቸው ምን እንደሚሉን ስለምናውቅ ጠበቅን።

የለካነው በፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። ካልታማ የተጠቀመበትን ዓይነት መለኪያ ከዩኒቨርሲቲ ተውሰን፣ በዚያው ስሌት፣ እነዚያኑ ናሙናዎች ለካን። ልዩነቱ መድረቃቸው ብቻ ነው። ኢልፖ ሪቶላን ጠርተነው ነበር፤ ይመጣል ብለን አልጠበቅንም፤ መጣ። ወንበር ስንሰጠው አልተቀመጠም፤ በሩ ላይ ቆመ።

የኩሉንካንጋስ ጥዶች ቃጫ አጭር አይደለም። አብዛኛዎቹ በአካባቢያችን ካሉት ጥዶች አማካይ በላይ ናቸው። የእናት ዛፍ ቁጥር 214 ልጆች ደግሞ ዶክተር አውኔ በሕይወት ዘመናቸው ከለኳቸው የሰሜን ጥዶች ሁሉ የረዘመ ቃጫ አላቸው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ሲፈልጉት የነበረው ዛፍ ይህ ነው። ጣቢያው የቆመው፣ ያ ሁሉ ሰው ያ ሁሉ ዘመን በትንኝ እየተበላ የለካው ይህን ለማግኘት ነበር። እናቲቱ ራሷ በ1980ዎቹ በነፋስ ወድቃለች፤ ዘሯ ያለው በልጆቿ ብቻ ነው።

ኢልፖ ቁጥሩን አየ። ከዚያ «የመንገዱ ዳር ነበሩ» አለ። ዞሮ ወጣ።

አዎ፣ የመንገዱ ዳር ነበሩ። ከእናት ዛፍ ቁጥር 214 ልጆች አብዛኛዎቹ የተቆረጡት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በ1974 የተከሉት ሰዎች በትነው ስለተከሉ ብቻ አራት ቀርተዋል፤ ረግረጉ ዳር ቆመዋል። ውጤቱን በማግስቱ ለካልታማ አቅርበናል። ዛሬ ጠዋት መልስ መጣ። ኩባንያው «ውጤቱን በአድናቆት ተቀብሎ በሚቀጥለው በጀት ዓመት እንደሚያጠናው» ይገልጻል። ቆረጣው ግን መንገዱ ደርቆ ሲጠነክር፣ በጁን፣ በውሉ መሠረት ይቀጥላል። አንጀት የሚያሳርረው ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ኩባንያው የዶክተር አውኔን መታሰቢያ ለማክበር አዲሱን የመስክ ላይ የብርሃን መለኪያ አገልግሎቱን «አውኔ» ብሎ ሊሰይመው አስቧል፤ ለዚህም የቤተሰቡን ፈቃድ ይጠይቃል። በተጨማሪ ከኩሉንካንጋስ ከተቆረጠ ግንድ ስማቸው የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ለመቃብራቸው ሊያበረክት ይፈልጋል።

አቶ ታኔሊ መልሳቸውን በዚህ መግለጫ እንድናወጣላቸው ጠይቀውናል። ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ስሟን ለዚያ ነገር አልሰጥም። እንጨቱንም አልፈልግም። እሷ የምትወደው ቆሞ ነው።»

ማኅበሩ የሚከተለውን ይጠይቃል። አራቱ ጥዶች እንዳይነኩ። የቀረው ጫካ ሁሉም ዛፍ ደርቆ በተለካ ናሙና እስኪታይ ድረስ መጋዝ እንዳይገባበት። ይህ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልን፤ የአዳራሽ ቃል ከእንግዲህ አይበቃንም። ማረጋገጫው ካልመጣ መንገዱ በተከፈተ ቀን የማኅበሩ አባላት ረግረጉ ዳር እንገኛለን። አብዛኛዎቻችን ጡረተኞች ስለሆንን ጊዜ አለን፤ ተጣጣፊ ወንበርም አለን። ከአራቱ ዛፎች የሚቀጠፉ ቀንበጦችን በሌላ ችግኝ ላይ አጣብቆ ማሳደግ የሚያውቁ ሁለት አባላት ከአሁኑ ተዘጋጅተዋል፤ የሚጠብቁት የባለመሬቱን ፈቃድ ነው። አንድ ፊርማ ነው የጎደለው። ኢልፖ ሪቶላ፣ ይህን እንደምታነብ እናውቃለን። ለማን እንደምንናገርም ታውቃለህ።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለአቶ ታኔሊ ሂርቪካንጋስ፣ ለእህታቸው፣ ለቀድሞ የጣቢያው ሠራተኞች፣ በየአገሩ ላሉ የዛፍ ዘር አሻሻዮችና በዚያ አግዳሚ ላይ ናሙና ደርድረው ላደጉ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለካልታማ የእንጨት ኩባንያ መጽናናት አንመኝም። ለጊዜው ቢያዝን ይሻለዋል።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ቅዳሜ ኤፕሪል 26 ቀን በከተማችን ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ከቀብሩ በኋላ የመታሰቢያ ስብሰባ በማኅበሩ አዳራሽ ይደረጋል፤ የሳልሞን ሾርባና የአጃ ዳቦ ይቀርባል። አበባ እንዳታመጡ ቤተሰቡ ይጠይቃል። ስለ አዳራሹ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ ምክንያቱን አቶ ታኔሊ እንድንናገር ፈቅደውልናል።

ከኩሉንካንጋስ የተቆረጡት ጥዶች ተፈቅፍቀው የተሸጡት ለከተማችን ማሞቂያ ጣቢያ ነው፤ እንጨት አንድዶ ያፈላውን ውሃ በቧንቧ ወደየሕንፃው ይልካል። የጤና ጣቢያውም ክፍሎች የሚሞቁት ከዚያው ነው። በማርች አጋማሽ አንድ ቀን ዶክተር አውኔ ከአልጋቸው ሆነው እጃቸውን ወደ ግድግዳው ማሞቂያ ዘረጉና፣ «ታኔሊ፣ አሁን የሚያነዱት ከየት የመጣውን ነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ታኔሊ ለዚህች ሴት ዋሽተው አያውቁም። «ከኩሉንካንጋስ» አሏቸው።

«ዝጋው።»

«ይበርድሻል፣ አውኔ።»

«ዝጋው አልኩህ። ብርድ ልብስ ጨምርልኝ።»

ነርሷ ገብታ፣ «አውኔ፣ ክፍሉ እኮ በረዶ ሆነ!» ስትላቸው፣ «በረዶ ምን እንደሚመስል የማላውቅ መሰለሽ?» አሏት። ማሞቂያው እስካረፉበት ቀን ድረስ አልተከፈተም። አቶ ታኔሊም ካፖርታቸውን ለብሰው ነው አጠገባቸው የተቀመጡት።

አዳራሻችን የሚሞቀው ከዚያው ማሞቂያ ጣቢያ ነው። ቅዳሜ ቧንቧው ይዘጋል። ካፖርታችሁን ለብሳችሁ ኑ።